ቡናው ሳይቀዘቅዝ፦ እምነትዎን ለጎረቤትዎ የማካፈል መመሪያ

በወጣትነቴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ቡና ጠሩኝ። መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ ሸጉጬ ሄድኩ። አቦሉ ሳይቀዳ ጀመርኩ። ከአዳም ተነሥቼ፣ በኖኅ መርከብ በኩል አልፌ፣ በረካው ሲደርስ የዮሐንስ ራእይ ላይ ነበርኩ። እማማ ከሰላቸውን እያራገቡ ሰሙኝ። ጨርሼ መልስ ስጠብቅ ፊቴ የተቀመጠውን ስኒ አዩና «ልጄ፣ ቡናህ ቀዘቀዘ እኮ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ከሳምንት በኋላ ነው ነገሩን ከሌላ ጎረቤት የሰማሁት። ልጃቸው በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ከወጣ ሦስት ወር አልፎታል፤ ድምፁም ጠፍቷል። ለካስ ያን ቀን የጠሩኝ የሚያጫውታቸው ሰው ፈልገው ነበር። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናገር «እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ የቀዘቀዘ ስኒ ከዓይኔ ስላልጠፋ ነው። ለክርስቲያን እምነቱን ማካፈል ትእዛዝ እንጂ ምርጫ አይደለም፤ የማቴዎስ ወንጌል የሚያበቃው በዚሁ ትእዛዝ ነው። አበውም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እነዚያው አበው ግን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብለዋል። መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ ማወቅ ልምምድ ይጠይቃል። እርምጃዎቹ እነሆ።

1. ሥራዎን ይለዩ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ቁጥር 8 ላይ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን የጠራቸው ምስክሮች ብሎ ነው። ቃሉ የችሎት ቃል ነው። ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው እንደሚያውቀው ዳኛ ይፈርዳል፣ ጠበቃ ይከራከራል፤ ምስክር ግን ያየውንና የሰማውን ተናግሮ ይወርዳል። ያላየውን ከጨመረ ሐሰተኛ ምስክር ይባላል። ያየውን ከደበቀም እውነቱን አጉድሏል።

ብዙዎቻችን ለመናገር የምንፈራው የጠበቃውን ሥራ ስለተሸከምን ነው፤ «ቢያሸንፉኝስ?» እንላለን። ብዙዎቻችን ሰው የምናስቀይመው ደግሞ የዳኛው ወንበር ላይ ስለተቀመጥን ነው፤ ማን እንደሚድንና ማን እንደሚጠፋ እንፈርዳለን። ሁለቱንም ለባለቤቱ ይተዉለት። ከእርስዎ የሚፈለገው የራስዎ ቃል ብቻ ነው።

«ይህ የወንጌላዊው ሥራ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» የሚሉ ከሆነ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ከመጀመሪያው ያንብቡ። ከእስጢፋኖስ ሞት በኋላ ስደት ሲነሣ ሐዋርያት ኢየሩሳሌም ቀሩ። በየአገሩ ተበትነው ወንጌልን ያደረሱት አብዛኞቹ ስማቸው ያልተጻፈ ተራ አማኞች ነበሩ። በአገራችንም ይኸው ታይቷል። በወላይታ ያገለግሉ የነበሩትን የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1937 ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች መቶ አይሞሉም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት። መሪዎቿ ታሰሩ፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ ምእመናኗ በጥቂት በጥቂቱ እየሆኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ 34,000 ገደማ ሆነው ወጡ። በእነዚያ ዓመታት መድረክም ማይክራፎንም አልነበረም። የነበረው የሰው ሳሎንና አንዱ ለሌላው የሚነግረው ነገር ነው።

2. ቃልዎን በአንድ ገጽ ይጻፉ

ጳውሎስ በንጉሥ አግሪጳ ፊት ቆሞ የተናገረውን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 26 ያገኙታል። ንግግሩ ሦስት ክፍል አለው፤ ቀድሞ ምን እንደነበረ፣ በደማስቆ መንገድ ምን እንደገጠመው፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ። እርስዎም ወረቀት አውጥተው ሦስቱን ይጻፉ። ከዚያ የስልክዎን ሰዓት ይዘው ጮክ ብለው ያንብቡት። ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ይቀንሱ።

ቀጥሎ እስክሪብቶ አንሥተው በቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚገባውን ቋንቋ ይሰርዙ። «ጌታ ነካኝ» ካሉ፣ ምን እንደተለወጠ ይናገሩ። «ዓለም ውስጥ ሳለሁ» ካሉ፣ ደመወዝዎን በሦስት ቀን እየጨረሱ ለልጆችዎ ደብተር መግዣ ያጡ እንደነበር ይንገሩ። «ሸክም አለኝ» ካሉ፣ ሰሚው ጆንያ የተሸከሙ ሊመስለው ይችላል፤ «ስለ አንተ አስባለሁ» ቢሉ ይበቃል።

ለምሳሌ አንድ ሰው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«ወንድሜን በመሬት ምክንያት ስድስት ዓመት አላናገርኩትም። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እንኳ ፊቴን አዙሬ እወጣ ነበር። ኢየሱስ ለሰቀሉት ሰዎች ምሕረት መለመኑን ሳነብ አፈርኩ። እኔም ያው ምሕረት እንደሚያስፈልገኝ ገባኝ፤ ለመንኩት። በማግሥቱ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። መሬቱ ዛሬም እሱ እጅ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አግኝቻለሁ።»

የዚህ ምስክርነት ጉልበቱ ያለው «መሬቱ ዛሬም እሱ እጅ ነው» የሚለው ላይ ነው። ተአምር አልተጨመረበትም። ያልተፈታልዎትን ነገር አይደብቁ፤ ቁጣዎ አሁንም የሚመጣብዎት ከሆነ «አሁንም ይመጣብኛል» ይበሉ። ጎረቤትዎ በግድግዳው በኩል ሲሰማዎት ኖሯል፤ ቢያጋንኑ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከገጹ ግርጌ የእምነቱን ፍሬ ነገር በአራት መስመር ይጨምሩ፤ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 መጀመሪያ ላይ በአጭሩ አስቀምጦታል። ክርስቶስ ስለ ኀጢአታችን መሞቱን፣ መቀበሩን፣ በሦስተኛው ቀን መነሣቱን በራስዎ አማርኛ መናገር ይለማመዱ። የእርስዎ ታሪክ በር ነው፤ ሰውየው ገብቶ ሊያገኘው የሚገባው ግን እርስዎን አይደለም።

3. አምስት ስም ይምረጡ

እንድርያስ ኢየሱስን ካገኘ በኋላ አስቀድሞ የፈለገው የማያውቀውን ሕዝብ አይደለም፤ ወንድሙን ስምዖንን ነው። እርስዎም ከቅርብ ይጀምሩ፤ ከዘመድ አንድ፣ ከጎረቤት አንድ፣ ከሥራ ቦታ አንድ፣ ከተለያያችሁ ዓመታት ያለፉት የድሮ ጓደኛ አንድ፣ እንዲሁም ሲያዩት የሚከብድዎት ሰው አንድ።

ስማቸውን ሌላ ሰው በማያየው ደብተር ላይ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያን ሰው ሰሞኑን የሚያስጨንቀውን ነገር ያስፍሩ፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ፈተና፣ የስኳር በሽታ፣ የጠፋ ዘመድ። የሚጽፉት ካጡ የመጀመሪያ ሥራዎ ተገኘ፤ ሰውየውን ገና አላወቁትም ማለት ነው። ለአንድ ወር በየቀኑ ስለዚያ ጭንቀት ይጸልዩ። በዚህ ወር ስለ እምነት አንድ ቃል ባይናገሩም ግድ የለም።

ግን ብቅ ይበሉ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ሲተከል ይገኙ እንጂ በሦስተኛው ቀን ለፊርማ ያህል አይድረሱ። ጎረቤት ስትወልድ ገንፎው ሲገነፋ ያግዙ። በእድር ተራዎ ደርሶ እቃ ማመላለስ ካለ ልጅ አይላኩ። ስለ ፍቅር የሚናገረውን ሰው፣ ወንበር ሲሸከም አይተው የሚያውቁት ሰዎች በሌላ ጆሮ ይሰሙታል።

4. ጆሮዎን ያስቀድሙ

በጋዛ መንገድ በሠረገላ ሲጓዝ የነበረውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ያዥ ነበር። ታሪኩን ስንሰብክ የምንቸኩለው ወደ ጥምቀቱ ነው። ያስተማረውና ያጠመቀው ፊልጶስ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያደረገውን ግን አንድ በአንድ ይቁጠሩት። ወደ ሠረገላው ሮጠ። ሰውየው የሚያነበውን ሰማ። የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀ። ሲለመን ወጣ። አጠገቡ ተቀመጠ። ማስተማር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የጀመረውም እሱ ካዘጋጀው ስብከት አይደለም፤ ሰውየው ከገለጠው ከኢሳይያስ መጽሐፍ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል በቡና ሥርዓታችን ላይ ማስኬድ ይቻላል። አቦሉን ለማድመጥ ይስጡት፤ ይጠይቁ፣ ዝም ብለው ይስሙ። በቶናው ሰውየው ያነሣውን ነገር ይከተሉ እንጂ አዲስ ርእስ አይክፈቱ። በረካው ሲደርስ፣ ከተፈቀደልዎ፣ የሦስት ደቂቃ ቃልዎን ይናገሩ። ካልተፈቀደም በረካው በረከት ነው፤ ጠጥተው፣ መርቀው ይነሡ።

ለመጠየቅ የሚረዱ ጥያቄዎች፦

«ሰሞኑን ሐሳብ የሆነብዎት ነገር ምንድን ነው?»
«በልጅነትዎ ጸሎት ያስተማረዎት ማነው?»
«ያ ነገር በደረሰብዎት ጊዜ እግዚአብሔርን ምን አሉት?»

በመጨረሻም የፈቃድ ጥያቄ፦ «እኔም የገጠመኝ ነገር አለ፤ ልንገርዎት?» መልሱ «ሌላ ቀን ይሆናል» ከሆነ፣ ሌላ ቀን ይሁን። ለማመልከት ያህል እንኳ አይጀምሩት።

5. የሚያናግሩትን ሰው ይወቁ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ኢትዮጵያዊ 43.5 ኦርቶዶክስ፣ 33.9 ሙስሊም፣ ከ18 በላይ ደግሞ ፕሮቴስታንት ነኝ ብሏል። ስለዚህ የሚያናግሩት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእርስዎ በፊት ሲጸልይ ያደረ ነው። «እግዚአብሔርን ታውቀዋለህ?» ብሎ መጀመር ስድብ ነው።

ጎረቤትዎ ኦርቶዶክስ ከሆኑ በአራተኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም የመጣውን ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ያስታውሱ። በልጅነቱ ተማርኮ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ለዓመታት አገለገለ፤ ጵጵስናን ከእስክንድርያው አትናቴዎስ ተቀብሎ ተመለሰ። የንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ ጨረቃው ቀርቶ መስቀል የታተመው ከዚያ ወዲህ ነው። እርስዎ የደረሱት ከ1,600 ዓመት በላይ ወንጌል ሲነበብበት በኖረ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ በጾም ፊታቸው ጥብስ አይብሉ። ስለ ድንግል ማርያም፣ ስለ ታቦት፣ ስለ ቅዱሳን ነቀፋ አይጀምሩ። ይልቅ እሳቸው በሚያውቁት መጽሐፍ ቅዱስ የማርቆስን ወንጌል አብራችሁ ለማንበብ ይጠይቁ። ማርቆስ 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት ሁለት ምዕራፍ ቢያነቡ በሁለት ወር ያልቃል። ያነበቡት ቃል ልባቸውን አሙቆ በገዛ ደብራቸው የሚያገለግሉ ቢሆኑ፣ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል እንጂ አልከስርም።

ጎረቤትዎ ሙስሊም ከሆነ ስለ ነቢያቸውም ሆነ ስለ ቁርኣን ክርክር አይግቡ። በኢድ «እንኳን አደረሳችሁ» ይበሉ፤ ሥጋው የየራስ ቢሆንም ቡናውና ዳቦው የጋራ ነው። ስለ ኢየሱስ ሲጠይቅዎት ከወንጌል የሚያውቁትን ይንገሩት። እምነት መለወጥ ለእሱ ምን እንደሚያስከፍል ግን አስቀድመው ያስቡ። ትዳር፣ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ አንዳንዴም መኖሪያ ሰፈር ሊሆን ይችላል። የማይከፍሉትን ዋጋ ሌላውን አያስቸኩሉበት።

«ሃይማኖት ሰለቸኝ» የሚል ወጣት ከገጠመዎት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያሰለቸው ክርስቶስ አይደለም፤ ገንዘብ የሚሰበስብ ነቢይ፣ የሚፋጁ አገልጋዮች፣ ያልተጠየቀ ይቅርታ ነው። ያጠፋን ሰው አይከላከሉለት። «እውነትህን ነው፤ ይህ ጥፋት ነው» ማለት ይቻላል። እንዲያውም ብዙ ጨዋታ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

6. ያላወቁትን «አላውቅም» ይበሉ

«ልጄ ለምን ሞተ?» «ወንጌል ሳይሰሙ የሞቱት ምን ይሆናሉ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይመጡብዎታል። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አይፈልጉ፤ አብረው ይቀመጡ። ለሁለተኛው «እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅ ጠይቄ ሐሙስ እመለሳለሁ» ይበሉና ሐሙስ ይመለሱ። መልሱ ባይጥም እንኳ መመለስዎ ራሱ ይታወሳል።

ድምፅ ከፍ ማለት ከጀመረ ያቁሙ። «ይቅርታ፣ ልከራከርዎት አልመጣሁም» ብለው ወደ ልጆቹ ትምህርት፣ ወደ ዝናቡ፣ ወደ ሽንኩርት ዋጋ ይመለሱ።

7. ድንበሩን አይለፉ

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ፤ በቅን ልብ ብዙ ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነውና።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የመረጡትን ሃይማኖት የመያዝ፣ የመቀበል፣ የማስተማርም ነፃነት ይሰጣል። ያው አንቀጽ ማንንም ሰው በኃይል ወይም በሌላ መንገድ ማስገደድን ይከለክላል። አብዛኛው ግፊት ግን ዱላ አይይዝም። ስለዚህ እነዚህን ይጠንቀቁ፦

ጥቅምን ከእምነት አያገናኙ። ዱቄት የሚሰጡ ከሆነ ለሁሉም ይስጡ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ከረዱ፣ ልጁ አዳራሽ መጣ አልመጣ አይቁጠሩ። በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ሕግ ሃይማኖት እንዲለወጥ ገንዘብ ወይም ጥቅም መስጠት የሚያስቀጣ መሆኑን እወቁ።

ሥልጣን ባለዎት ቦታ ዝምታን ያብዙ። የቤት ሠራተኛዎ «እሺ እትዬ» ስትል ስለ እምነቱ ይሁን ስለ ደመወዟ ማወቅ አይችሉም። አስተማሪ ከተማሪው፣ አለቃ ከሠራተኛው፣ ሐኪም ከታማሚው ጋር እንዲሁ ነው። እነሱ ራሳቸው ከጠየቁ በአጭሩ ይመልሱ፤ ካልጠየቁ ፍትሐዊነትዎ ይናገር።

የሰው ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ አያስተምሩ፤ በእርስዎ ልጅ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚሰማዎት ያስቡ።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ በብዙዎቹ አገሮች ለሙስሊም ወንጌል መስበክ ወንጀል ነው። መጽሐፍ ለመስጠት ወይም ቪዲዮ ለመላክ ከመቸኮላችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ እወቁ። በአንድ የስልክ መልእክት የምትታሰሩት እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ መልእክቱን የተቀበለውም ሰው ሊታሰር ይችላል። እዚያ ያለ እምነት የሚነበበው በታማኝነት፣ በትዕግሥትና ለአገር ልጅ በመድረስ ነው።

8. «አመንኩ» ሲሉ ሥራው ገና መጀመሩ ነው

በማቴዎስ መጨረሻ ያለው ትእዛዝ ደቀ መዝሙር አድርጉ የሚል ነው። ደቀ መዝሙር ደግሞ በአንድ ምሽት ጸሎት አይወጣም። ሰውየው እምነቱን የገለጸ ዕለት ፎቶ አንሥተው አይለጥፉ፤ ለቤተሰቡ መቼና እንዴት እንደሚናገር መወሰን የሱ ፋንታ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ይደውሉለት። በሳምንት አንድ ቀን አብራችሁ አንብቡ። ከአምስትና ከስድስት ሰው ከማይበልጥ የቤት ኅብረት ጋር ያስተዋውቁት፤ ሁለት ሺህ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ አዲስ ሰው በቀላሉ ይጠፋል። ከቤተሰቡ ጋር እንዳይቆራረጥ ያበረታቱት፤ የእናቱን ቤት ይጠግን፣ የአባቱን እዳ ይክፈል። ስድስት ወር ሲሞላው አምስት ስም እንዲጽፍ ደብተር ይስጡት።

9. «አልፈልግም» ሲሉ

አያኩርፉ። የእርስዎ ወዳጅነት ማጥመጃ የነበረ መሆን አለመሆኑ የሚጣራው በዚህ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ድሮው ቡና ይጥሩ፤ ስለ እምነት ባያነሡም በደብተርዎ ያለውን ስም አይሰርዙ። ምስክር ቃሉን ሰጥቶ ከወረደ በኋላ ዳኛውን እየተከተለ አይነዘንዝም።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሰኞና ማክሰኞ የአንድ ገጹን ቃል ይጻፉ። ረቡዕ ለሚያምኑት ወዳጅ ያንብቡለት፤ ያልገባውን ይሰርዙ። ሐሙስ አምስቱን ስሞች ያስፍሩ። ዓርብ ከአምስቱ ለአንዱ ይደውሉ፤ ደኅንነቱን ብቻ ይጠይቁ። ቅዳሜ ቡና ሲጠሩ ይሂዱ።

እኔም ወደ እማማ ቤት የተመለስኩት በቅዳሜ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሴን ቤት ትቼ። ረከቦቱ ሲቀርብ «እማማ፣ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከአቦል እስከ ቶና ነገሩኝ፤ በልጅነቱ እንዴት እንደሚያስቃቸው፣ የወጣ ቀን ምን ለብሶ እንደነበር። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «እስቲ አንተ ጸሎት ታውቅ የለ፤ ጸልይልኝ» አሉኝ። ጸለይኩ። ከዚያ በረካውን ቀዱልኝ። የዚያን ቀን ሦስቱንም ስኒ ባዶውን መለስኩ።